ውሃው በቀኝ

አስፕሮኔሪ፣ ግሪክ
ማርች 9 ቀን 1997 እ.ኤ.አ.

ይድረስ በምድር ዳርቻ፣ ሰው ተዘቅዝቆ በሚራመድበት አገር ለሚኖረው ወንድሜ ለትራሲቩሎስ፤

እመቤታችን ከነቆብህ ከነጫማህ ትጠብቅህ። እኔ እህትህ ዲያማንቶ፣ ለክብሯ ምስጋና ይግባና፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ግን ደህና አይደለም፤ የእሱን ነገር ከጀመርኩ ወረቀቱ ስለማይበቃን ራሱን ችሎ ይጻፍልህ።

ትልቅ ዜና አለኝ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ። አውሮፓ አስታወሰችን። ረግረጋችን «ጥብቅ ስፍራ» ተብሎ ታውጇል። ይኸውልህ፣ አባታችን «ዓሣዬን ጨረሱብኝ» እያለ ዕድሜ ልኩን በድንጋይ ሲያባርራቸው የነበሩት ሳቢሳ ወፎች ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞች ሆነዋል። ጠዋት ይገባሉ፣ በአንድ እግራቸው ይቆማሉ፣ ምንም አይሠሩም፣ ማንም አያባርራቸውም። ከንቲባችን ፔሪክሊስ ከእነሱ ብዙ ተምሯል።

ዋናው ዜና ግን ይህ አይደለም። በውሃው ዙሪያ ያለውን የጭቃ መንገዳችንን አስፋልት አለበሱት! ለቢስክሌት ብቻ፤ መኪና አይገባበትም። ከከተማው በር ተነስተህ በጨው ኩሬዎቹ፣ በአባታችን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ሥር፣ በድልድዩ፣ በመቃብሩ በኩል አድርጎ መልሶ እዚያው በሩ ላይ ይጥልሃል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። በሩ ላይ ሰሌዳ ተክለዋል፤ «ቀላል መንገድ። ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሚመች» ይላል። ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆንኩ ፊቱ ቆሜ ሳስብ ጎሚስታው ሽማግሌ ፎቲስ መጣና፣ «ዲያማንቶ፣ አንቺማ ሕፃን ነሽ፤ ጥርስሽ ገና አልበቀለም» አለኝ። የሰው ጎማ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው የራሱን አፍ የሚጠግንለት አጣ።

አሁን ወደ መዓቱ ልምጣ። አስፋልቱ ላይ ነጭ ቀስት ቀብተዋል። ቀስቱ የሚለው፣ ውሃውን በግራ አድርጋችሁ ሂዱ ነው። በግራ! ለሌላ ሰው ባስረዳ እንጂ ላንተ አላስረዳም፤ እኛ ሕያዋን ውሃውን በቀኛችን አድርገን ነው የምንወጣው። መቃብሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ መምጣት ያለበትም መጨረሻ ላይ ነው። ውሃውን በግራ አድርጎ ከከተማ የሚወጣ ሰው ሳጥን ውስጥ የተኛ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

«ፔሪክሊስ ልጄ፣» አልኩት፣ «ይሄ ቀስት መቃብር ነው የሚወስደን።»

«እማማ ዲያማንቶ፣ መሐንዲሱ ከአቴንስ ነው የመጣው።»

«እሱስ ከአቴንስ ይምጣ፤ እኛን ወዴት ነው የሚልከን?»

«ደረጃውን የጠበቀ ሥራ ነው እኮ።»

«አባትህን በየት በኩል ነው የሸኘነው?»

እስክርቢቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። «በግራ» አለ።

«ታዲያ?»

«ቀለሙ ደርቋል፣ እማማ ዲያማንቶ።»

ይኸው ነው መንግሥታችን። ምርቃቱ በኦገስት፣ በእመቤታችን በዓል ዕለት ነው። እንደምታውቀው በዚያ ቀን ከቤቱ ሰው የራቀበት ሁሉ የራቀውን ሰው ቢስክሌት በአንድ እጁ እየሳበ ውሃውን ይዞራል። ያንተን ከአርባ ዓመት በላይ ስስብ ኖሬያለሁ። በጭቃው ዘመን ሰው ሁሉ ጭቃውን እንጂ ኮርቻህን አያይም ነበር። ዘንድሮ ግን በአስፋልት ነው፤ ባዶ ኮርቻ ይዤ በአስፋልት መዞር አፍራለሁ። ና፣ ራስህ ንዳው።

ገንዘብ ልላክልሽ ብለህ እንዳትጀምር። መንፊያ ላክ። የእኛው መንፊያ የአባታችንን ሳል ወርሷል። ቢስክሌትህን በረንዳው ላይ እንደሰቀልኩት ነው፤ ጎማውን በየቅዳሜው ካልነፋሁት ይተኛል። ጎማው የተኛበት ሰው አይመለስም ይላሉ። እኔ ሰው ያለውን ሁሉ አላምንም፤ ግን እነፋለሁ።

እህትህ ዲያማንቶ


ሜልበርን፣ አውስትራሊያ
ጁን 2 ቀን 1997

ለክብርት እትዬ ዲያማንቶ፣ የአስፕሮኔሪ ረግረግ የበላይ ጠባቂ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የሜልበርን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የከበረ ሰላምታውን ያቀርባል። የቅርንጫፉ ሠራተኞች በሙሉ፣ ማለትም እኔና ድመቷ፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን። መልሱ የዘገየው ጉዳዩ በጥልቀት ሲጠና ስለነበረ ነው።

መንፊያውን በጥቅል ልኬልሻለሁ። ዕድሜዬን ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ፈጅቼ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በሠራሁት ጎማ አገሩን ሲዞሩ፣ የእኔን ጎማ ደግሞ እህቴ ስትነፋ መኖሯ ቅርንጫፉን በእጅጉ ያሳዝነዋል።

የላክሽልኝ በሰም የታሸገው የዓሣ እንቁላል ግን አፌ አልደረሰም። ጉምሩክ ጠሩኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ ተረኛው ልጅ።

«ምግብ ነው።»

«ሻማ ነው የሚመስለው።»

«ልጄ፣ ሻማውን ልጠህ ስትጥለው ምግብ ነው።»

አሸተተው። ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወስዶ ቀበረው፤ ያለ ቄስ።

ስለ ቀስቱ ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በግራ የዞረ ሰው የደም ዘመዱ በቀኝ ዞሮ ካልፈታለት ዓመቱን እንደማይጨርስ ያ መሐንዲስ ከየት ይወቅ? ለፔሪክሊስ ንገሪልኝ፤ የውጭ አገር ቅርንጫፉ በጥብቅ ተቃውሟል።

መምጣቱን በተመለከተ፤ ጉዳዩ ቲማቲም ነው። በኦገስት ቲማቲሜ ውሃ ይፈልጋል። ጎረቤቴ የቬትናም ሰው ነው፣ እጅግ ደግ ነው፣ ቤቴን አምነዋለሁ፤ ቲማቲሜን ግን አላምነውም። እሁድ እሁድ ደግሞ የማልቀርበት ጉዳይ አለኝ። ለሚመጣው ዓመት ግን ያለ ጥርጥር።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የአባታችን ጎጆ አሁን ቀለሙ ምንድን ነው? ሁለተኛው በየደብዳቤው የምጠይቅሽና አንድም ቀን ያልመለሽልኝ ነው፤ ያን ቀን፣ አውቶቡሱ ሲወስደኝ፣ የት ጋ ነው የቆምሽው?

ወንድምሽ ትራሶ


አስፕሮኔሪ
ጁላይ 1 ቀን 1997

ለተከበሩ የቲማቲም ሚኒስትር፤

መንፊያው ደርሷል። እግዚአብሔር ጉልበትህን እንደሱ ያድርገው፤ አንዴ ስጫነው ጎማህ እንደ ከንቲባ ሆድ ተወጠረ።

ፎቲስን ጠየቅኩት። የወንድሙ ልጅ መርከበኛ ነው፤ ያንን አገርህን አይቶታል። ኦገስት እዚያ ክረምት ነው ብሎታል። ዝናብና ብርድ ነው፤ ሰው ካፖርት ለብሶ ነው የሚያስነጥሰው። ስማ እንጂ ወንድም ዓለም፣ በክረምት ውሃ የሚጠጣው ቲማቲም ምን ዓይነት ቲማቲም ነው? ካፖርት አለው?

የእሁዱ ጉዳይ ሴት ከሆነች ንገረኝ። ሚስትህ ስታቭሩላ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት፤ ነፍሷን ይማር፣ አትቀየምህም። በሕይወት ሳለችም የምትቀየመው እኔን ብቻ ነበር።

ጎጆው ሰማያዊ ነው። እንደነበረው።

አሁን ፎቶ ላክልኝ። ሙሉ ፎቶ። ፊትህን አውቀዋለሁ፣ የአባታችን ነው፤ ማየት የምፈልገው እግርህን ነው። ፔዳል የሚመታ እግር ነው ወይስ ወንበር ላይ የሚሰቀል፣ ልየው።

እንዲህ የምቸኩልበትን ልንገርህ። ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። «ከዚህ በጋ በኋላ ቢስክሌት አይነኩም» አለኝ።

«ታዲያ በምን ልሂድ?»

«በእግርዎ።»

በእግር! አስፕሮኔሪ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ቄሱ እንኳን ቁርባን ይዘው በቢስክሌት አይደል ለበሽተኛ የሚደርሱት? ብቻ ጉልበቴ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቷል፣ ከዳኝ። እንግዲህ አንዱን እየነዳሁ ሌላውን በእጄ እየሳብኩ የምዞርበት የመጨረሻው ዓመት ዘንድሮ ነው። ካልመጣህ ቢስክሌትህን አወርደዋለሁ። ፎቲስ ይፈልገዋል። ደጋግሞ ጠይቆኛል።

ዲያማንቶ


ሜልበርን
ኦገስት 4 ቀን 1997

እትዬ፤

እንደምን አለሽ? ቅርንጫፉ ስለ ቲማቲሙ ተነቅቶበታል። ይቅርታ ይጠይቃል።

ፎቶውን አብሬ ልኬያለሁ። ያነሳኝ ጎረቤቴ ነው፤ ከወገብ በታች አልገባለትም።

አልመጣም። ልቀልድበት ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ አንቺ በቢስክሌትሽ፣ የእኔን በአንድ እጅሽ እየሳብሽ፣ በመኪናው መንገድ ከኋላዬ ትከተይኝ ነበር። መንገዱ ጠጠር ነበር። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ነጭ ቀሚስሽ ታየኝ፤ ከዚያ አቧራው መጥቶ ዋጠሽ። በኋላው መስኮት አፍጥጬ ቀረሁ፤ አቧራ ብቻ። ተመልሰሽ ይሁን፣ ወድቀሽ ይሁን፣ እስካሁን እየተከተልሽኝ ይሁን አላውቅም። ለዚህ ነው የት ቆምሽ የምልሽ።

የሚያስፈራኝ መምጣቱ አይደለም። መምጣቱ እንደ ሰሌዳችሁ ቀላል ነው። ከመጣሁ ግን እንደገና ያ አውቶቡስ ላይ መውጣት አለብኝ፤ ስታቭሩላ የተኛችው እዚህ ነው፣ ትቻት እዚያ አልቀርም። ያንን አቧራ ሁለተኛ ማየት አልችልም፣ እትዬ።

ለበዓሉ እንኳን አደረሰሽ። ኮርቻዬን አደራ።

ትራሶ


አስፕሮኔሪ
ኦገስት 24 ቀን 1997

ለግማሹ ወንድሜ፤

ፎቶህ ደርሷል። ለላክኸው ግማሽ አመሰግናለሁ፤ ሌላው ግማሽ ሲደርሰኝ ለእሱም ለብቻው እጽፍለታለሁ።

ምርቃቱ እንዴት ነበር ብለህ አልጠየቅህም፤ እኔ ግን እነግርሃለሁ። ሪባን ተቆረጠ። ንግግር ተደረገ፤ ንግግሩ ከመንገዱ ይረዝማል። ከዚያ ፔሪክሊስ አዲስ ቆብ ደፍቶ፣ መሐንዲሱንና እንግዶቹን አስከትሎ፣ ቀስቱ ባለው በኩል በግራ ወጣ። ከተማው በሙሉ ደግሞ ውሃውን በቀኙ አድርጎ ወጣ። መንገዱ አንድ፣ መንገዱም ክብ። የአባታችን ጎጆ ሥር ተገጣጠምን። እነሱ ደወል፣ እኛ ደወል።

«መንገድ ልቀቁ! ቀስቱን አታዩም?» አለ ፔሪክሊስ።

«አንተስ ውሃውን አታይም?» አለው ፎቲስ።

ማንም አልለቀቀም። መሐንዲሱ ከነከረቫቱ ሸንበቆው ውስጥ ገባ። አንዱ ሳቢሳ በጣም ከመደንገጡ የተነሳ ሁለተኛ እግሩን አወረደ፤ በመንግሥት ሥራ ላይ እንዲህ ሲደክም ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

በኋላ የፔሪክሊስ እናት እማማ ዞዪጻ ሰሙ። ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ ታውቃቸዋለህ። «አንዱን ልጄን! አንዱን ልጄን በግራ አዞሩብኝ!» ብለው እሪ አሉ። ዓሣ በሚጫንበት ባለ ሦስት ጎማ ላይ፣ በሳጥኖቹ መሃል ወንበር አስደርገው፣ ፎቲስ እየነዳቸው፣ በቀኝ በኩል ሙሉ ዙር ዞሩለት። ሲመለሱ ልጃቸውን ግንባሩን ሳሙትና በጥፊ አሉት። ከንቲባነቱንም አልቆጠሩለት።

እኔም ዞርኩ። ባዶ ኮርቻህን ይዤ።

«ትራሶ አልመጣም?» ይሉኛል በየመንገዱ።

«ቲማቲም እያጠጣ ነው።»

«በክረምት?» አለ ፎቲስ።

«አንተ ዝም በል!» አልኩት።

ስለ አቧራው የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። አንተ መሄድህን ሁለት ጊዜ ላለማየት፣ እኔ መምጣትህን አንድ ጊዜም አላይም ማለት ነው። ጥሩ አካፍለኸናል።

ቢስክሌትህን ከመስቀያው አውርጄዋለሁ። ፎቲስ ደስ ብሎታል። ደህና ሁን።

ዲያማንቶ


ሜልበርን
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1997

እትዬ! ሰላምታውን ሌላ ጊዜ። ቢስክሌቱን አስመልሺ!

ዛሬ ነው የደረሰኝ፣ ዛሬውኑ ነው የምጽፈው። ለፎቲስ የፈለገውን ስጪው፣ ያልሸጠው ከሆነ ነጥቀሽ ውሰጂው፣ ቀለሙን እንዳይቀይረው።

የእሁዱን ጉዳይ ልንገርሽ። ሴት አይደለችም። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ረግረግ አለ። እሱንም ጥብቅ ስፍራ ብለውታል፤ በዙሪያው እንደናንተ አስፋልት አለው፤ ሰሌዳውም «ቀላል» ይላል። ስታቭሩላ ካረፈች ወዲህ በየእሁዱ ጠዋት ቢስክሌት በባቡር ጭኜ እሄዳለሁ። ውሃውን በቀኜ አደርጋለሁ። ሌሎቹ በፈለጉት በኩል ይዞራሉ፤ እኔ በቀኝ ብቻ። ዓይኔን ጨፈን ካደረግኩት የጨውና የበሰበሰ ሣር ሽታው ያው የእኛው ነው። ስገልጠው ግን ስዋን የሚሏቸው አንገተ ረጃጅም ወፎች ጥቁር ናቸው፤ ያገሬው ሰው እንዲህ ነው የተፈጠሩት ይላል፤ ለእኔ ግን ሐዘን ላይ ያሉ ይመስለኛል።

መንገዱ ላይ ወፍ የሚያዩ ሰዎች የሚቀመጡበት የእንጨት ዳስ አለ። ቁመናው የአባታችንን ጎጆ ይመስላል፤ ቀለሙ ግን ቡናማ ነው። ቀለሙን በየደብዳቤው የምጠይቅሽ ለዚህ ነው፤ ባጠገቡ ሳልፍ በልቤ ሰማያዊ እቀባዋለሁ።

ዙሩን ስጨርስ የሚያደርሰኝ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። አንቺ የለሽበትም።

ያንን ቢስክሌት ከመስቀያው ማውረድሽን ካነበብኩ ጀምሮ አቧራው ሁሉ ቀሎብኛል። ትኬት ገዝቻለሁ። በሚመጣው ጁላይ እመጣለሁ፣ የእመቤታችንን አብረን እንውላለን። የመመለሻም ትኬት አለው፤ ያንን እንዳላየሽ እለፊው።

እግሬም አብሮኝ ይመጣል።

ትራሶ


አስፕሮኔሪ
ሜይ 1998

ለሙሉው ወንድሜ፤

ፋሲካው እንዴት አለፈ? ትንሣኤውን ያሳየን ጌታ የአንተንም መምጣት ያሳየን። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ትኬትህን እንዳትመልሰው ብዬ ነው።

ፎቲስ ዘንድ ሄጄ ቢስክሌቱን አላስመለስኩም፤ ፎቲስ ዘንድ አልሄደማ። ደብዳቤዬን መልሰህ አንብበው። አወረድኩት አልኩ እንጂ ሰጠሁት አላልኩም። ፎቲስ ደስ ብሎታል ያልኩትም እውነት ነው፤ ያነበብኩለት ጊዜ እስኪያስለው ነው የሳቀው። ቢስክሌትህ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ አንሶላ አልብሼው።

ሐኪሙ ከልክሎኛል ያልኩህም እውነት ነው። እታዘዘዋለሁ መስሎህ ከሆነ ያ የራስህ ስሕተት ነው።

ሰማያዊ ቀለም ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ዘንድሮ ጎጆውን አንተ ነህ የምትቀባው። በልብህ ስትቀባ እጅህ ለምዷል።

ስትመጣ አውቶቡሱ ላይ በቀኝ መስኮት ተቀመጥ። ድልድዩን ከተሻገርክ በኋላ ውሃው በቀኝህ ሆኖ ትገባለህ። በሩ ላይ ነኝ።

ዲያማንቶ


ሜልበርን
ኦገስት 30 ቀን 1998

ለእትዬ ዲያማንቶ፤

ቅርንጫፉ በሰላም ገብቷል። ድመቷ አላናግር ብላኛለች። ቬትናማዊው ጎረቤቴ ቤቱን እንደ መስተዋት አድርጎ ነው የጠበቀኝ፤ ከነፎቲስ ሰላምታ አድርሼለታለሁ።

ቤቱ ዝም ያለ ነው። በየጠዋቱ «አንተ አውስትራሊያዊ! ፀሐይዋ ካንተ ቀድማ ወጣች!» የሚለኝ አጥቻለሁ። በበዓሉ ዕለት ኮርቻዬ ላይ እኔው ራሴ ተቀምጬ፣ አንቺ ባጠገቤ፣ ቀስቱን ተከትለው የሚመጡትን ጀርመን ቱሪስቶች አንድ በአንድ ስትሳደቢ፣ እነሱም ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን ሲያውለበልቡልሽ፤ እሱን እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አውቶቡሱ ላይ ሆን ብዬ በተራራው በኩል ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ስንሰነባበት ደረቅ ብለሽ፣ «ሂድ ሂድ፣ ዓሣ ፀሐይ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት» አልሽኝ፤ እኔም ጉልበትሽን አስቤ አመንኩሽ። ዓይኔን ተራራው ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። መቃብሩ ጋ ሳንደርስ ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ጮኹ።

«ኧረ እዩልኝ! ኧረ ይቺን አሮጊት እዩልኝ! ሁለት ቢስክሌት ይዛ ካውቶቡስ ጋር ትሽቀዳደማለች!»

ሰው ሁሉ ተነስቶ ግራው መስኮት ላይ ተከመረ። ሾፌሩ፣ «ቁጭ በሉ! ልትገለብጡኝ ነው!» ይላል። ተቀምጬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሴትዮዋ ዞር አሉና፣ «እርስዎ አያዩም እንዴ?» አሉኝ።

«አውቃታለሁ» አልኩ።

«ማን ናት?»

«እህቴ ናት።»

መስኮቱ ጋ ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

አቧራ አልነበረም፣ እትዬ። አስፋልት አይደል? ከመኪናው መንገድ ጎን ለጎን፣ ከመቃብሩ እስከ ድልድዩ ድረስ፣ አንድም ነገር ሳይጋርድብኝ አየሁሽ። መሐረብሽ ወድቋል፤ የምትይው ባይሰማኝም ስድብ መሆኑን ከአፍሽ አወቅኩ። ድልድዩ ላይ ቆምሽ። አውቶቡሱ ታጠፈ። ስትቆሚ አየሁ።

ግን እኮ፣ እትዬ፣ ውሃው በግራሽ ነበር! ያን ጊዜ የተከተልሽኝ በመኪናው መንገድ ነበር፤ የመኪና መንገድ የማንም አይደለምና አይቆጠርም። አሁን ግን የዳርቻው መንገድ ላይ፣ በቀስቱ በኩል፣ እንደ ጀርመን! አንቺ! አውቶቡሱ የሚሄደው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው፣ ገብቶኛል። ቢሆንም በረራውን ሙሉ ስጨነቅ መጣሁ። ድልድዩ ላይ እንደተመለሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ለማንኛውም ባለፈው እሁድ እዚህ በቀኝ በኩል ሙሉ ዙር ዞሬልሻለሁ። ተፈትቷል በዪው።

ወንድምሽ ትራሶ


አስፕሮኔሪ
ኦክቶበር 4 ቀን 1998

ለውድ ወንድሜ ለትራሲቩሎስ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለድመቷም ይድረሳት፣ ትክክል ናት፤ እኔም ብሆን አላናግርህም ነበር።

እሁድ ዞርኩልሽ ያልከውን ይዤ እማማ ዞዪጻ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ በዓሣ ሳጥን መሃል ተቀምጠው የተማሩት ነው። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው።

«ወፎቹ ምን ዓይነት ናቸው አለ?» አሉኝ።

«ጥቁር።»

«አይቆጠርም» አሉ። «የሰው አገር ውሃ የእኛን ሰው በምን ያውቀዋል? እዚሁ መጥቶ ይፍታው።»

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ስትጠይቀኝ የኖርከውን አሁን ልመልስልህ። ያን ጊዜም ድልድዩ ላይ ነበር የቆምኩት። አቧራው እስኪያርፍ ጠበቅኩ። ሲያርፍ አውቶቡሱ አልነበረም። ቢስክሌትህን የድልድዩ አጥር ላይ አስደግፌ ትንሽ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ቤቴ ገባሁ። በየደብዳቤው ያልነገርኩህ፣ ከነገርኩህ መጠየቅህን ትተዋለህ ብዬ ነው።

ዘንድሮም እዚያው ቆምኩ። ጉልበቴ የሰማኸውን ስድብ ሁሉ ከእኔ ጋር እየተሳደበ ነበር፤ አንዳንዱ የእሱ ነው። ድልድዩ እኩሌታው ነው። ከዚያ ብመለስ ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ግማሽ ዙር ዙር አይባልም። ፎቲስ ከኋላዬ መጥቶ፣ «ዲያማንቶ! አብደሻል? በይ ተመለሺ!» እያለ ይጮሃል።

አሰብኩበት። አጠገቤ የቆመውን ያንተን ኮርቻ አየሁት፤ ገና ሙቀትህ አልለቀቀውም። እናት አባታችን ያሉበትን ታውቃለህ፤ ልጅ አልወለድኩም፤ በዚህ ምድር ላይ ካንተ በቀር የደም ዘመድ የለኝም።

አልተመለስኩም። ድልድዩን ተሻገርኩ፤ በአባታችን ጎጆ፣ በጨው ኩሬዎቹ አድርጌ፣ ውሃውን በግራዬ እንዳደረግኩ፣ ዙሩን እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። ጀርመኖቹ በመጨረሻ ገባት ብለው አጨበጨቡልኝ። ፎቲስ እያለቀሰ በሩ ድረስ ተከተለኝ፤ አፉ አንድ ቃል አልወጣውም፣ እሱም ይቆጠርልኝ። ፔሪክሊስ መስኮቱ ላይ ሆኖ አይቶኛል፤ ከሳቢሳዎቹ በስተቀር ከተማው ሁሉ ምስክሬ ነው።

ተሳስቼ እንዳይመስልህ። አውቄ ነው።

ደህና ነኝ፣ አትጨነቅ። የዞርኩት በኦገስት ነው፤ እስከሚመጣው ኦገስት ጊዜ አለህ። ቢስክሌትህን መልሼ በረንዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ቅዳሜ ነፍቼዋለሁ። ጎጆው ላይ የቀባኸው ሰማያዊ ከታች በኩል ተልጧል፤ ችኩል ነህ፣ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ፎቲስ ከመርከበኛው እንደሰማው እናንተ ዘንድ አሁን የቲማቲም መትከያ ጊዜ ነው አሉ።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ዘንድሮ አልተክልም ነበር።

እህትህ ዲያማንቶ